ብድር ተጠይቆ ሳለ ሥራ ስለ መለወጥ

ቤት ለአንድ ቤተ ሰብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ዛሬ ብዕሬን አላነሣሁም። ይህንስ ልጆቹን በሰው ግቢ ያሳደገ፥ በየዓመቱም የኪራይ ጭማሪ የተነገረው ሰው ሁሉ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። በዛሬው ተራዬ ልጽፍበት ያሰብሁት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤት ለመግዛት ከባንክ ብድር ጠይቆ መልሱን በሚጠብቅበት ጊዜ ሥራውን ስለሚለውጥ ሰው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባልና ሚስት በብዙ ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብና ተስፋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያሳጣ እንደሚችል በቅርብ ዘመዶቼ ቤት አይቻለሁ። ከጥፋቱም አንዱ ክፍል የራሴ ስለ ሆነ፥ ሌላው ሰው ይማርበት ዘንድ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

የእኅቴ ልጅ በሽንዲ ከተማ ነርስ ናት። ባለቤቷም በዚያው በወምበርማ ወረዳ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረ። አገሩ በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ፥ ለገበሬ የሚመች አገር ነው፤ የደመወዝ ሰው ግን አይዘራምና ከወር እስከ ወር ተስፋው ደመወዙ ብቻ ነው። እነርሱም ከዚችው ደመወዛቸው እየቆነጠሩ በሰባት ዓመት ውስጥ 300,000 ብር አጠራቀሙ። በዚህም ጊዜ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ቤታቸውን በ700,000 ብር ሊሸጡ መፈለጋቸው ተሰማ። የጎደለውን 400,000 ብር ከባንክ ለመበደር አሰቡና ወደ እኔ መጡ። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ የሽያጩን ውል በገዛ እጄ ጻፍሁላቸው። 60,000 ብር ቀብድ ተከፈለ፤ ቀሪው 640,000 ብር በአራት ወር ውስጥ እንዲከፈል ተስማሙ፤ ምስክሮችም ፈረሙ።

ባንኩ የሁለቱንም የደመወዝ ማስረጃ ተቀበለ። የባል ደመወዝ 9,500 ብር፥ የሚስት 8,000 ብር፥ በድምሩ 17,500 ብር ነበረ። ያ ባንክ የወር ክፍያው ከገቢያቸው ሲሶ እንዳይበልጥ ይፈልግ ነበርና፥ ሲሶው 5,833 ብር ሆነ። የብድሩ የወር ክፍያ ደግሞ ወደ 5,300 ብር ገደማ ስለ ነበረ ነገሩ ተካከለ። መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን ገመተ፤ የይዞታው ካርታ ተመረመረ፤ የቀረው የመጨረሻው ፊርማ ብቻ ነበረ።

ውሉ በተፈረመ በስድስተኛው ሳምንት ባልየው ቡሬ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ ደብዳቤ ደረሰው። በቡሬ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ ሰው በዚያ አካባቢ ዓይኑን ወደ ፋብሪካ ሥራ ማቅናቱ የሚያስገርም አይደለም። የተሰጠው ደመወዝ 14,000 ብር ነበረ፤ ከቀድሞው በ4,500 ብር ይበልጣል ማለት ነው። እርሱም «ደመወዜ ሲያድግ ባንኩ ደስ ይለዋል እንጂ ምን ይከፋዋል» ብሎ አሰበ። ለሚስቱም በድንገት ሊያስደስታት ፈልጎ ሳይነግራት፥ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ከመሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ ወሰደና ወደ ፋብሪካው ሄደ።

ባንኩ የብድሩን ውል ከማስፈረሙ በፊት ማስረጃውን እንደ ገና ለማረጋገጥ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለ። «ከእኛ ዘንድ ለቅቋል» የሚል መልስ አገኘ። ከፋብሪካው የመጣውም ደብዳቤ ደመወዙን 14,000 ብር ቢልም «በሙከራ ላይ የሚገኝ» የሚል ቃል ነበረበት። ባንኩ በዚህ ጊዜ የባልን ደመወዝ ከሒሳቡ አወጣና የሚስቲቱን 8,000 ብር ብቻ አስቀረ። የዚህ ሲሶ 2,666 ብር ነው፤ ይህም ሊሸከም የሚችለው 200,000 ብር ያህል ብድር ብቻ ነው። እንግዲህ የቤቱ ገቢ በእውነት ከ17,500 ወደ 22,000 ብር ከፍ ባለበት ወር የብድሩ መጠን በግማሽ ተቈረጠ። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ባንክ የሚመዝነው የደመወዙን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጽናቱንም ነው።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ የሰማችው ከባንኩ ሠራተኛ ነው። ወደ እኔም መጥታ፥ «ጋሼ፥ የቤቱ መቅረት አይደለም ያስለቀሰኝ፤ አብሬው ሰባት ዓመት ቆጥቤ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ሳያማክረኝ መቅረቱ ነው» አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ነው። አስልተን ብናየው ሙከራው የሚያልቀው የሽያጩ ውል ከሚያበቃበት ቀን ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሆነ። ሽማግሌ ይዘን ወደ ሻጭዋ ሄድን። እርሳቸውም፥ «አባቶቼ፥ ልጆቹ ክፉዎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ ፍኖተ ሰላም ወደ ልጄ ዘንድ ልገባ ዕቃዬን አስሬያለሁ፤ ሌላው ገዢም ገንዘቡን ይዞ ደጄ ቆሟል። ሦስት ሳምንት ላለው ሰው አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ረጅም ነው» አሉ። በፍርድ እንነጋገር ቢባል ሕጉ ከእርሳቸው ጋር ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፥ ቀብድ የተቀበለ ሰው ደግሞ ውሉን ቢተው እጥፉን ይመልሳል ይላል። እኚህ ሴት ግን ስለ ሽማግሌዎቹ ብለው ከ60,000 ብር ግማሹን መለሱ። ቤቱም ለሌላው ተሸጠ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለው ሁሉ የሚጸናው ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ያላደረጉ እንደ ሆነ ነው። እኔ በውሉ ላይ «ባንኩ ብድሩን ባይፈቅድ ቀብዱ ይመለሳል፤ ቢዘገይም ጊዜው በአንድ ወር ይራዘማል» የሚል አንድ መስመር ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌም ልመናም ባላስፈለገ ነበር። ይህን መስመር ለባዕድ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ለዘመዶቼ ግን «ብድሩ ማለቁ ነው፥ ምን ይመጣል» ብዬ ተውሁት። 30,000 ብር የጠፋው እንግዲህ በባልየው መቸኮል ብቻ ሳይሆን በእኔም መዘናጋት ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰዎች ባንኩን ሲያሙ ሰምቻለሁ። «ቤቱ ራሱ መያዣ ነው፤ ታዲያ ስለ ሥራው ምን ያስጨንቀዋል?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነውን ከዱሮው ልማዳችን ብንጀምር መልካም ነው። በቀድሞው ዘመን ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጥ ነበር። አበዳሪውም ዕዳው እስኪከፈለው ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላ ነበር። የፍትሐ ብሔሩ ሕግም ይህን ልማድ አልጣለውም፤ ስለ መያዣ ከደነገገ በኋላ ከቁጥር 3117 ጀምሮ ስለ ወለድ አገድ ይናገራል። በዚያ ዓይነት ብድር አበዳሪው የተበዳሪውን ሥራ የሚመረምርበት ምክንያት አልነበረውም፤ እርሻው በእጁ ነበረና። የዛሬ ባንክ ግን በመያዣ የተቀበለውን ቤት አይኖርበትም፥ አያከራየውምም። ቤቱ መያዣ ይሁን እንጂ ዕዳውን የሚያርሰው በሬ ደመወዝ ነው። በሬው በእርሻው መካከል ከቀንበር ሲፈታ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እርግጥ ነው፥ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር ባንክ በ1990 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን ሐራጅ ለባንኩም ድካም ነው፤ ለቤተ ሰቡ ደግሞ ጥፋት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመሩ ለተበዳሪውም ጥበቃ ይሆናል። ይህ ምርመራ በተዘነጋበት አገር የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቶታል። በአሜሪካ አገር ብዙ አበዳሪዎች የተበዳሪውን ሥራና ገቢ በደንብ ሳያረጋግጡ የቤት ብድር ያድሉ ነበር። የቤት ዋጋ መውደቅ በጀመረ ጊዜ ዕዳው የማይከፈል ሆነ፤ መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ሌማን ብራዘርስ የተባለው ታላቅ ባንክ መክሰሩን አስታወቀ፤ እጅግ ብዙ ቤተ ሰቦችም ከቤታቸው ወጡ።

በአገራችን ደግሞ የብድር ወረፋ ጠባብ የሆነበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በአንድ ዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወስኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከተራው የወጣ ሰው ተመልሶ የሚቆመው በመጨረሻው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። የቁጠባ ወረፋና የብድር ወረፋ አንድ አይደሉም። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ20/80 እና ለ40/60 ቤቶች የተመዘገበ ሰው፥ ወርሐዊ ቁጠባውን እስካላቋረጠ ድረስ በመካከሉ ሥራ ቢለውጥ ተራውን አያጣም ነበር። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቁጠባው አልቆ ቀሪው በብድር ሊሆን የደመወዝ ማስረጃ ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ ገንዘቡ ለሻጩ እስኪከፈል ድረስ ነው።

እንግዲህ ከደረሰብን ነገር የተማርሁትን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሥራ ለመለወጥ ያሰበ ሰው ቢቻለው ብድሩን ከመጠየቁ በፊት ይለውጥና በአዲሱ ሥራ ይጽና፤ ካልሆነም ብድሩ ተፈርሞ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ይታገሥ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ሁለተኛ፤ የተገኘው ሥራ ጊዜ የማይሰጥ እንደ ሆነ፥ መልቀቂያውን ከመጠየቁ አስቀድሞ ወደ ባንኩ ሄዶ ይንገር። የተነገረው ባንክ ምን ማስረጃ እንደሚበቃው ሊገልጽ ይችላል፤ በስልክ የደረሰበት ባንክ ግን «ሌላስ ምን ደብቆኝ ይሆን» ይላል።

ሦስተኛ፤ ከአዲሱ አሠሪ ጋር ስለ ሙከራ ጊዜ ይነጋገር። ሕጉ 60 የሥራ ቀን ያለው ከዚያ እንዳይበልጥ ነው እንጂ ሁሉም ሰው 60 ቀን ይሙከር ማለቱ አይደለም። የታወቀ ልምድ ያለው ሰው የሙከራው ጊዜ እንዲያጥርለት ወይም እንዲቀርለት ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ የተፈቀደለትንም በጽሑፍ ይቀበል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊሰናበት እንደሚችል ባንኮች ያውቃሉና፥ «በቋሚነት ተቀጥሯል» የሚለው ቃል ከደመወዙ ጭማሪ ይልቅ ይጠቅመዋል።

አራተኛ፤ የሥራ ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በዝውውር የሄደ ሰው አገልግሎቱ አልተቋረጠምና የዝውውሩ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከደመወዝ ወደ ራሱ ንግድ የተሻገረ ሰው ግን፥ ገቢው ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ የንግድ ፈቃድ፥ የግብር ማስረጃና የባንክ ሒሳብ እስኪያጠራቅም ድረስ በባንክ ፊት እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራል።

አምስተኛ፤ ከገዛ አሠሪው በቅናሽ ወለድ የቤት ብድር የሚወስድ ሰው፥ በተለይም የባንክ ሠራተኛ፥ የውሉን መጨረሻ ገጾች ደጋግሞ ያንብብ። እንዲህ ያለው ብድር ብዙውን ጊዜ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፍ ይላል፥ ወይም ቀሪው ዕዳ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል። ወደ ሌላ ባንክ የሚሄድ ሰው አዲሱ አሠሪ ዕዳውን ይረከብለት እንደ ሆነ ሳያረጋግጥ አይንቀሳቀስ፤ በደመወዙ ላይ ያገኘውን ጭማሪ ወለዱ ይበላበታልና።

ስድስተኛ፤ ገንዘቡ ከባንክ የሚመጣ ገዢ ሁሉ ከላይ የጠቀስሁትን መስመር በቀብዱ ውል ላይ ሳያስገባ አይፈርም። ሻጩ እንቢ ቢል እንኳ ቀብዱ ያነሰ፥ ጊዜውም የረዘመ ይሁን።

ሰባተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ባልና ሚስት ይመካከሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሥራ ለመልቀቅ የሚስት ወይም የባል ፊርማ ያስፈልጋል የሚል ሕግ ግን የለም። ነገር ግን ያ ደመወዝ ለቤቱ ዕዳ የተመደበ ከሆነ፥ ሥራውን መተው ቤቱን የመንካት ያህል ነው። ሕግ ያልጠየቀውን ምክር ትዳር ራሱ ይጠይቀዋል። ባልየው ሚስቱን አስቀድሞ አማክሯት ቢሆን ኖሮ፥ እርሷ ፋብሪካውን «ሁለት ወር ታገሡን» ብሎ እንዲጠይቅ ወይም ብድሩ እስኪፈረም እንዲቆይ ትመክረው እንደ ነበረ ነግራኛለች። ፋብሪካው እሺ ይል አይል አይታወቅም፤ ሳይጠየቅ ቀረ።

በመጨረሻም ለእናንተ ለመሥሪያ ቤት አለቆች አንድ ቃል አለኝ። ከእጃችሁ በታች ያለ ሠራተኛ የደመወዝ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ወረቀት ብቻ አይምሰላችሁ፤ የልጆቹን መጠለያ ነው። ማስረጃው በጊዜው ይጻፍለት፤ እውነተኛውም ብቻ ይጻፍለት። ለወዳጅነት ተብሎ ደመወዙን ከፍ አድርጎ መጻፍ ዛሬ ብድሩን ቢያስገኝለት ነገ የማይሸከመውን ዕዳ ያሸክመዋል። የሚለቅን ሠራተኛ መልቀቂያም ያለ ምክንያት ማዘግየት፥ በሁለት ሥራ መካከል አንጠልጥሎ በባንክ ፊት ሥራ ፈት ያስመስለዋል።

የእኅቴ ልጅና ባለቤቷ እስካሁን በኪራይ ቤት ናቸው። ባልየው ሙከራውን ጨርሶ በቋሚነት ተቀጥሯል፤ ብድሩንም በሁለቱ ደመወዝ እንደ ገና ጠይቀዋል። የቤቱ ዋጋ ግን በዚህ መካከል ከፍ ብሏልና የሚያዩት ቤት ከቀድሞው ያነሰ ነው። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ቡና ስጠጣ ባልየው ከሌላ ድርጅት የመጣለትን አንድ ደብዳቤ አውጥቶ በፊቴ ለሚስቱ ሰጣት። እርሷም አንብባ አጠፈችውና፥ «ባንኩ መልስ እስኪሰጠን ይቆይ» አለች። እርሱም «ይቆይ» አለ። እኔም በልቤ ይህ ቃል ባለፈው ጊዜ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቡናውን የምንጠጣው በራሳቸው ቤት ነበር አልሁ።